ከኤክስካቫተሩ ጎን የሚቆመው የታሪክ ባለሙያ

ለንደን ውስጥ ትልቅ ሕንፃ ሊሠራበት በታጠረ ቦታ፣ ጠዋት በሩ ላይ ከሚሰለፉት ብረት ሠራተኞች፣ አናጢዎች፣ ኤሌክትሪሺያኖችና የክሬን ኦፕሬተሮች መካከል አርኪዮሎጂስቶችም አሉ። እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሄልሜት አድርገው፣ አንጸባራቂ ሰደርያ ደርበው፣ ሴፍቲ ጫማ ተጫምተው ይመጣሉ። ጥበቃው የአናጢውን ካርድ እንዳየ የእነሱንም ያያል። ካርድ የሌለው ወይ ይመለሳል፣ ወይ አጃቢ ተመድቦለት እንደ እንግዳ ይገባል። እንግዳ ሆኖ የገባ ሰው ደግሞ ከአጃቢው ፈቀቅ ማለት አይችልም፤ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ መሥራትማ የማይታሰብ ነው።

የታሪክ ተመራማሪ እንዴት የግንባታ ሠራተኛ ካርድ ያዥ ሊሆን በቃ? መልሱን ከአንድ ቲያትር ቤት መጀመር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ፣ ሳውዝዋርክ በተባለው ሰፈር፣ ለቢሮ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር በ1587 የተሠራው የሮዝ ቲያትር ፍርስራሽ ብቅ አለ። የክሪስቶፈር ማርሎውና የሼክስፒር ተውኔቶች የታዩበት መድረክ ነው። አርኪዮሎጂስቶቹ እንዲያጠኑበት የተሰጣቸው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ተዋንያንና የከተማዋ ነዋሪዎች አደባባይ ወጡ፤ በመጨረሻ ዕድሜው ላይ የነበረው ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪዬ ሳይቀር ድጋፉን ገለጸ። በኋላም ፍርስራሹ ሳይነካ ሕንፃው ከላዩ እንዲቆም ዲዛይኑ ተለወጠ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1990፣ የእንግሊዝ መንግሥት ፒፒጂ 16 የተባለውን መመሪያ አወጣ። የመመሪያው ፍሬ ነገር አጭር ነበር፦ ታሪካዊ ቅሪት ባለበት መሬት ላይ የሚገነባ ሰው ቅሪቱ ባለበት እንዲቆይ ያደርጋል፤ ይህ ካልተቻለ ከመጥፋቱ በፊት ተቆፍሮ የሚጠናበትን ወጪ ራሱ ይከፍላል።

ከዚያ ወዲህ ሙያው መልኩን ለወጠ። በእንግሊዝ የሚካሄደው ቁፋሮ አብዛኛው ዛሬ የሚነሳው ከዩኒቨርሲቲ የምርምር ዕቅድ ሳይሆን ከመንገድ፣ ከባቡር መስመርና ከመኖሪያ ቤት ግንባታ ነው። አርኪዮሎጂስቱ ጊዜ የተቆረጠለት፣ ዋጋ የተተመነለት፣ ከኋላው ኮንክሪት የሚያስሞላ ኮንትራክተር የሚጠብቀው ባለሙያ ሆነ።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። የላይኛው አፈር የሚነሳው በኤክስካቫተር ነው። ማሽኑ ግን ጥርስ ያለው ባኬት አይገጠምለትም፤ ጥርሱ አፈሩን አርሶ ሁሉንም ያደባልቀዋል። ጠርዙ ልሙጥ የሆነ ሰፊ ባኬት ይገጠምለትና አፈሩን በስሱ፣ በየጥቂት ሴንቲሜትሩ እየላጠ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። አርኪዮሎጂስቱ የማሽኑ ክንድ ከማይደርስበት ቦታ ቆሞ ዓይኑን ከአፈሩ አይነቅልም። የሚጠብቀው ወርቅ ወይም ሐውልት አይደለም፤ የቀለም ለውጥ ነው። በቢጫማው አፈር መሃል ክብ ጥቁር ነገር ከታየ፣ ከሺህ ዓመት በፊት የቆመ የቤት ምሰሶ በስብሶ የተወው ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ያኔ እጁን ያነሳል። ኦፕሬተሩ ባኬቱን መሬት ላይ ያሳርፋል፣ እጁን ከመቆጣጠሪያዎቹ ላይ ያነሳል፣ ይተያያሉ፣ ኦፕሬተሩ አውራ ጣቱን ያሳየዋል። አርኪዮሎጂስቱ ወደ ፊት የሚራመደው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ብቻ ነው። ያ ጥቁር ነገር አጓጉቶት አንድ እርምጃ ከቀደመ ዞሮ የሚመጣው ክንድ ያገኘዋል። ይህን ቅደም ተከተል ያልለመደ ሰው የቱንም ያህል ቢማር እዚያ ቦታ መቆም የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ከማሽኑም የሚብሰው ራሱ አፈሩ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር እስከ 1.5 ቶን ሊመዝን ይችላል፤ የትንሽ መኪና ክብደት ማለት ነው። ተንዶ ደረቱ ድረስ የዋጠው ሰው አፍንጫው ክፍት ቢሆንም መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። እዚህ ላይ ሙያውና ደኅንነት ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። አርኪዮሎጂስት ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የጉድጓድ ግድግዳ ይወዳል፤ የዘመናት ንብርብር አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ የሚነበበው እዚያ ላይ ነውና። የደኅንነት ባለሙያው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ያንኑ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። መሃል ለንደን ውስጥ የሮማውያን ዘመን አፈር ብዙ ሜትር ወርዶ ስለሚገኝ ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ነው። ወይ ጉድጓዱ ደረጃ በደረጃ እየሰፋ ይቆፈራል፣ ወይ ግድግዳው በብረትና በሳንቃ ይደገፋል፤ ያ ደግሞ የሚነበበውን ግድግዳ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ስዕሉም፣ ፎቶውም፣ ልኬቱም መቼ እንደሚወሰድ ከኮንትራክተሩ መሐንዲስ ጋር ቀድሞ መመካከር ግድ ነው። በዚህ ላይ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ በአሮጌ ፋብሪካ ቦታ የቀረ መርዝና አስቤስቶስ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ ያልፈነዳ ቦምብ አለ። ገመዱን ከመቆፈር በፊት በመሣሪያ ማሰስ፣ ቦምብ የሚመስል ነገር ሲታይ እጅን ሰብስቦ ቦታውን መልቀቅ የሥራው አካል ነው።

በሩ ላይ የሚታየውን ካርድ የሚሰጠው በምሕጻር ሲኤስሲኤስ የሚባለው፣ በ1995 የተቋቋመው የግንባታ ሙያተኞች ማረጋገጫ ሥርዓት ነው። ሕግ ካርዱን አያስገድድም፤ የሚያስገድዱት ትልልቆቹ ኮንትራክተሮች ናቸው። ማንም አመልካች በቅድሚያ የጤና፣ የደኅንነትና የአካባቢ ፈተና ማለፍ አለበት። ከዚያ የካርዱ ቀለም እንደ ሙያው ይለያያል፦ ለቀን ሠራተኛ አረንጓዴ፣ ለሠለጠነ ሙያተኛ ሰማያዊ፣ ለሥራ አስኪያጅ ጥቁር፣ በትምህርት ወይም በሙያ ማኅበር ዕውቅና ላገኘ ነጭ።

ታዲያ አርኪዮሎጂስቱ የትኛው ውስጥ ይመደብ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ አነታርኳል። ሥርዓቱ የተቀረጸው ለሚገነባ ሰው ነው፤ አርኪዮሎጂስት አይገነባም። ቀድሞ "ከግንባታ ጋር የተያያዘ ሙያ" የሚል ምድብ ስለነበረ ፈተናውን ያለፈ አርኪዮሎጂስት በዚያ በኩል ይገባ ነበር። ሥርዓቱ ካርድን ሁሉ ከተረጋገጠ የሙያ ብቃት ጋር ለማያያዝ ሲወስን ያ ምድብ እየቀረ መጣ። አርኪዮሎጂስቶች በአንድ ወገን ተጨነቁ፣ በሌላ ወገን ግን ሲጠይቁት የኖሩት ነገር በሩ ላይ መጣላቸው፦ "ፈተና አልፌአለሁ" ማለት ሳይበቃ "ሙያዬ ይህ ነው፣ ብቃቴንም ይህ ተቋም መዝኖታል" የማለት ዕድል። ዛሬ መንገዱ በሁለት በኩል ነው። አንዱ በሥራ ላይ እያሉ የሚገመገሙበት የአርኪዮሎጂ ሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ሌላው የሙያ ማኅበሩ አባልነት ነው።

ማኅበሩ ሲፋ ይባላል። በ1982 የመስክ አርኪዮሎጂስቶች ኢንስቲትዩት ተብሎ ተመሠረተ፤ በ2014 ደግሞ በንጉሣዊ ቻርተር ከመሐንዲሶችና ከቀያሾች ማኅበራት ተርታ ገባ። የአባልነት ማዕረጉ ሦስት ነው፦ ጀማሪው ባለሙያ፣ ተባባሪው፣ ሙሉ አባሉ። አመልካቹ ዲግሪውን ብቻ አሳይቶ አይታለፍም። የሠራቸውን ሪፖርቶች፣ የሳላቸውን የንብርብር ስዕሎች፣ የመራቸውን ቁፋሮዎች ማስረጃ ያቀርባል፤ የሚያውቁት ባለሙያዎች ይመሰክሩለታል፤ በየትኛው ሥራ በራሱ ሊወስን እንደሚችል፣ በየትኛው ደግሞ ተቆጣጣሪ እንደሚያስፈልገው ይመዘናል። አባል ከሆነ በኋላም በየሁለት ዓመቱ ቢያንስ 50 ሰዓት ዕውቀቱን ማደስ አለበት፤ የሥነ ምግባር ደንቡን ከጣሰ ይጠየቃል።

ይሁን እንጂ በእንግሊዝ "አርኪዮሎጂስት ነኝ" ማለት ለማንም አልተከለከለም። ስሙ እንደ ሐኪም ወይም እንደ አርክቴክት በሕግ አልታጠረም። ባሕር ተሻግሮ በአየርላንድ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ በሰሜንም በሪፐብሊኩም በኩል ያለ መንግሥት ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፣ ፈቃዱም የሚሰጠው ቁፋሮውን ለሚመራው ሰው በስሙ ነው። በእኔ እምነት የአየርላንዱ ይሻላል። ኮንትራክተር ዋጋ አወዳድሮ አጥኚ በሚቀጥርበት ገበያ፣ ብቃት በፈቃደኝነት ብቻ ከቀረ ርካሹ ያሸንፋል፤ የተቆፈረ አፈር ደግሞ ሁለተኛ አይቆፈርም።

ካርዱ በራሱ የማይናገረውም ይህንኑ የሙያ ብቃት ነው። በሰላም ገብቶ በሰላም መውጣት የሚያውቅ ሰው መሆኑን ይመሰክራል፤ አፈር ማንበብ መቻሉን ግን የሚመሰክረው ከካርዱ ጀርባ ያለው የብቃት ምዘና ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ምን እንደሚሠራ ማየት የፈለገ የለንደኑን የሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ይመልከት። የኤልዛቤት መስመር በተባለው የባቡር ግንባታ ላይ፣ በ2015፣ በአዲሱ የጣቢያ መግቢያ ቦታ ላይ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የለንደን ሰዎች የተቀበሩበት መቃብር ተከፈተ። ወደ 60 የሚጠጉ አርኪዮሎጂስቶች በሳምንት ስድስት ቀን በፈረቃ ሠርተው ከ3,000 በላይ አጽሞች አወጡ። በዙሪያቸው የከተማዋ እንቅስቃሴ አልቆመም፣ ከኋላቸውም የባቡሩ ሥራ ይጠብቃቸው ነበር። በአንድ የጋራ ጉድጓድ ውስጥ 42 ሰዎች ሳጥን በሳጥን ተደርበው ተገኙ። ከእነዚህ የ20ዎቹ የጥርስ ናሙና ተመርምሮ በ5ቱ ላይ የቸነፈር (ፕላግ) ባክቴሪያ ዘረመል ተገኘ፤ ውጤቱ በ2016 ይፋ ሲሆን የ1665ቱ የለንደን ታላቅ ወረርሽኝ ምን እንደነበር በእንግሊዝ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው አጽም ተረጋገጠ። ባክቴሪያው ራሱ ከሞተ ብዙ ዘመን ስለሆነ ለቆፋሪዎቹ አደጋ አልነበረውም፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቀድሞ አጣርቶ ለሠራተኛው ሁሉ ማስረዳትም የደኅንነት ሥራ ነው። ጥርሶቹ ለምርመራ ሊበቁ የቻሉት ከየትኛው ሳጥን፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጡ በጥንቃቄ ስለተመዘገበ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በማዕድን ፍለጋ፣ በሕንፃ ሥራ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል። በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮጀክቶችም በድንገት ለሚገኝ ቅርስ ሥራው የሚቆምበትን ሥርዓት በውላቸው እንዲያካትቱ ይጠበቃል። በዚህ አሠራር ግን መጀመሪያ የሚያየው የዶዘር ኦፕሬተሩ ወይም ፎርማኑ ነው፤ ባለሙያው የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ኦፕሬተር የተሰበረ ገንቦ ሊለይ ይችላል፤ የበሰበሰ ምሰሶ የተወውን የአፈር ቀለም ግን ማን አስተማረውና ይለየዋል? ያን የሚለየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከማሽኑ ጎን የቆመ አርኪዮሎጂስት ነው። የአዲስ አበባና የአክሱም ዩኒቨርሲቲዎች አርኪዮሎጂስቶች ያስመርቃሉ። ተመራቂዎቹ ከትምህርታቸው ጋር የጉድጓድ ድጋፍን፣ ከማሽን ጋር መግባባትንና የተቀበረ ገመድ ማሰስን ተምረው፣ ከኮንትራክተሮች ጋር የጋራ መታወቂያ ይዘው ቢወጡ፣ የመንገድ ሥራ ጨረታ ሰነድ ላይ እንደ ቀያሹና እንደ አፈር መርማሪው የእነሱም ስምና ክፍያ አንድ ረድፍ ሊይዝ ይችላል።