የቀለም መርጫ ማሽን ወጪው ከሱቅ ሲወጣ ይጀምራል

ባለ ብዙ ክፍል ሕንፃ በሮለርና በብሩሽ ሲቀባ ቀኑ የረዘመበት ባለንብረት ወይም ሥራ ተቋራጭ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቀለም መርጫ ማሽን ዋጋ መጠየቁ አይቀርም። ማሽኑ ጊዜን በእርግጥ ያሳጥራል። ቀለም ግን አይቆጥብም፤ እንዲያውም ከሮለር ይልቅ በአየር ላይ የሚባክነው ይበዛል። ነፋስ ባለበት ቀን የውጭ ግድግዳ ያስረጨ ሰው የጎረቤቱን መኪና የማስጸዳት ዕዳም ሊመጣበት ይችላል። ስለዚህ የአዋጭነት ስሌቱ ከሚተርፈው የሠራተኛ ቀን እንጂ ከሚተርፈው ቀለም ሊነሳ አይገባም።

ማሽኖቹ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ቀለሙን በአየር የሚበትን፣ ትንሽ ጣሳ የተገጠመለት፣ ለበርና ለቤት ዕቃ የሚሆን ነው። ሁለተኛው ያለ አየር፣ ቀለሙን ራሱን በፓምፕ ጨምቆ በጠባብ ኖዝል የሚያስወጣው፣ ከባልዲ እየሳበ ሰፊ ግድግዳ የሚረጨው ነው። ትልቁ ገንዘብም ትልቁ አደጋም ያለው በዚህኛው ላይ ነው።

ገዢ በቅድሚያ ማየት ያለበት በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቮልት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ በ120 ቮልት የሚሠራ ሲሆን የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ነው። ከዘመድ በሻንጣ የመጣ ማሽን ሳይታይ ሶኬት ላይ ከተሰካ፣ ርካሹ ዕቃ በደቂቃ ውስጥ ውድ ይሆናል። ትራንስፎርመር ግድ ከሆነ አቅሙ ከማሽኑ ዋት በላይ መሆን አለበት፤ ዋጋውም ከማሽኑ ጋር ይደመር። ቀጭንና ረጅም ኤክስቴንሽንም ኃይሉን መንገድ ላይ ስለሚቀንሰው ሞተሩን ያግላል። ርቀት ካስፈለገ የኤሌክትሪኩን ገመድ ሳይሆን የቀለሙን ጎማ ማስረዘም ይሻላል። ኤርዝ በሌለው ሶኬት መሥራት ደግሞ ጨርሶ አይገባም።

ግፊቱ በሱቅ ውስጥ የሚነሳው እንደ ሙገሳ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን እስከ 3,000 ፒኤስአይ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም የቤት መኪና ጎማ ከሚነፋበት መቶ እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። በዚህ ኃይል የወጣ ቀለም ጓንት በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ከውጭ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው። መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያምም ስለሚችል ሠራተኛው ጨርቅ ጠቅልሎበት ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። ውስጥ የቀረው ቀለምና ቲነር ግን የጅማቱን መንገድ ተከትሎ ይሰራጫል፤ ሕክምናው ከዘገየ ጣት እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። የተጎዳ ሰው ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መወሰድ፣ ለሐኪሙም በግፊት የገባ ቀለም መሆኑ ከነጣሳው መነገር አለበት።

ይህ አደጋ የሚያደባው ኖዝሉ ተደፍኖ ሠራተኛው በጣቱ ሊጠርገው ሲሞክር ነው። ማሽኑ ጠፍቷል ማለት ግፊቱ ወጥቷል ማለት አይደለም። ማብሪያው ከጠፋና ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ የመመለሻው ቫልቭ ይከፈታል፤ ቀሪው ቀለም ቃታው ተስቦ ወደ ብረት ባልዲ ይለቀቃል፤ ቃታው ይቆለፋል። ከዚያ በፊት ኖዝል አይነካም። ጎማው ያፈስሳል ተብሎ ከተጠረጠረም በእጅ ሳይሆን በካርቶን ነው የሚፈተሸው።

ሲንተቲክ ቀለምና ቲነር ከሆነ እሳት ይጨመርበታል። ሁሉም ማሽን ተቀጣጣይ ነገር ለመርጨት አልተሠራምና መመሪያው ይነበብ። ከተፈቀደም ሞተሩ ብልጭታ ስለሚያወጣ ከሚረጭበት ቦታ 6 ሜትር ያህል ይራቅ፤ መስኮት ይከፈት፤ ሲጋራም የቡና ከሰልም ከአካባቢው ይነሳ። የአቧራ ጭምብል የቲነር ሽታን አያግድም፤ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል።

ማሽኑን ቶሎ የሚገድለው ሥራ ሳይሆን ሳይታጠብ ማደር ነው። በፓምፑና በጎማው ውስጥ የደረቀ ቀለም ከአንድ ሌሊት በኋላ የጥገና ሒሳብ ይሆናል። የፕላስቲክ ቀለም ውኃው ጠርቶ እስኪወጣ ይታጠባል፤ ሲንተቲክ ደግሞ በራሱ ቲነር። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ በደንብ ካልታጠበ ሁለቱ ተያይዘው ማጣሪያውን ይደፍናሉ። ለቀናት የሚቆም ከሆነም ውኃ ውስጡ መቅረት የለበትም፤ ብረቱን ያዝጋልና። ቀለሙን ባልዲ ውስጥ ከመጨመር በፊት በቀጭን ስቶኪንግ ማጥለል ከሁሉ የረከሰ ጥገና ነው።

ያገለገለ ማሽን የሚያገበያይ ደላላና ገዢ ኖዝሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። ለምሳሌ 517 ማለት ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት የሚረጭ፣ ቀዳዳው 0.017 ኢንች የሆነ ማለት ነው። ኖዝሉ ሲበላ ስፋቱ ይጠባል፣ የሚወስደው ቀለም ግን ይጨምራል። ከዚያ ማሽኑ በአንድ ባልዲ ውኃ ይሞከር። ቃታው ሲለቀቅ ሞተሩ ግፊቱን ሞልቶ መቆም አለበት። ማንም ቃታ ሳይነካ ደግሞ ደጋግሞ የሚነሳ ከሆነ የፓምፑ ጎሚኒ ወይም ቫልቭ አልቋል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ከተጠየቀ በኋላ ብቻ ስለ ማሽኑ ዋጋ ይነገር።