በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰደው የቁርጥማት መድኃኒት

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የገዛ መገጣጠሚያውን ሲያጠቃ የሚከሰት ሥር የሰደደ የቁርጥማት ሕመም ነው። ከቀዳሚ መድኃኒቶቹ አንዱ ሜቶትሬክሴት ሲሆን፣ የሚወሰደውም በሳምንት 1 ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ከተወሰደ መቅኔን ጎድቶ ለሞት ሊያበቃ ይችላል።

ለስሕተቱ አንዱ ምክንያት ፈጥኖ ለመዳን መጓጓት ነው፤ መድኃኒቱ ለውጥ የሚያሳየው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለሆነም ነርሶች የመውሰጃውን ዕለት ከታካሚው ጋር ሊመርጡ ይገባል፤ በሳምንት አንዴ የሚውል ገበያ ካለ ለማስታወስ ይመቻል። ዕለቱን በካርዱ ላይ ጽፈው፣ ታካሚው በራሱ አንደበት መልሶ እንዲነግራቸው ይጠይቁታል።

መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጥም። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል ወይም ደረቅ ሳል ከታየም ቀጣዩን ክኒን ከመዋጥ በፊት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።