የተበጠሰ የምድጃ ሽቦ በቤት ሲጠገን

እዚህ መካነ ሰላም የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥቅልል ሽቦ ሲበጠስ ሁለቱን ጫፎች ጠምዝዘን እንቀጥላለን፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ምድጃው ይሠራል፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይበልጥ ይግላል። ሽቦው ሲያጥር የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ በ220 ቮልት 1000 ዋት የነበረው ምድጃ፣ ከሽቦው አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 1110 ዋት ገደማ ይስባል። የተጠመዘዘው መጋጠሚያ ደግሞ ልል በመሆኑ ከሌላው ክፍል ይልቅ ይግልና ብዙ ሳይቆይ ይበጠሳል። ስለዚህ በዋቱ ልክ አዲስ ሽቦ መግዛት ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሶኬቱ ከግድግዳው ይነቀል። ሶኬታችን ተገልብጦም ይሰካልና፣ የምድጃው ማጥፊያ አንዱን መስመር ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ቀዝቅዞ የምናየው ሽቦ ኤሌክትሪክ እንደ ተሸከመ ሊቆይ ይችላል።