የአያቴ ደብተርና የፈረንጅ ቀን

 

የዛሬው ጽሑፍ ዕድሜያቸው ለገፋ አባቶችና እናቶች ነው። ወጣቶች ከሆናችሁም አንብቡላቸው። ነገሩ ስለ ክኒን፣ ስለ ጎመንና ስለ ገንዘብ ነው። ሦስቱን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። በአያቴ ቤት ሦስቱም በአንድ ደብተር ላይ ተገናኝተዋል።

አዲስ አበባ መጥታችሁ ከሆነ፣ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስትሄዱ ራስ መኮንን ድልድይን ሳታልፉ አልቀራችሁም። ድልድዩ የተሰየመው የሐረር ገዥ በነበሩትና በ1898 ዓ.ም. ባረፉት በራስ መኮንን ስም ነው። ከሥሩ ከእንጦጦ በኩል የሚወርድ ወንዝ ያልፋል። አያቴ ከዚያ ወንዝ በላይ ባለች አንዲት ጠባብ የቀበሌ ቤት ብዙ ዘመን ኖረዋል። መሬት የላቸውም። የነበራቸው ደጃፍ ብቻ ነው፤ እሱንም ሁለት የበሬ ቆዳ ቢዘረጋበት ይሞላዋል።

አያቴ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በታወጀ ጊዜ ነው። ያኔ የልጆች እናት ነበሩ፤ ልጅ አዝለው ይማሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ እጃቸው የገባውን ሁሉ ያነባሉ። የእድር ወረቀት፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የዱቄት ከረጢት ሳይቀር ያነባሉ።

እኚህ አንባቢ እናት ናቸው እንግዲህ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአንድ ቁጥር የተሳሳቱት።

የደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ ቆይቶ ነበር። በየቀኑ የሚወስዱት ክኒን ታዘዘላቸው። ጥቂት ወራት ዋጡና ደህና ሆኑ። ደህና ሲሆኑ ጊዜ ተዉት። «ያልታመመ ሰው መድኃኒት ይውጣል እንዴ?» አሉ። የክኒኑ ገንዘብም ለእድርና ለቡና ዋለ። በኋላ ራሳቸውን ሲያማቸው ከጎረቤት የተረፈ ክኒን ተዋሱ። መጠቅለያውን ገልብጠው አነበቡ። 08 2021 ይላል። እኛ ያለነው በ2015 ነው። «ገና ከስድስት ዓመት በላይ ይቀረዋል» ብለው ዋጡት።

ቁጥሩን በትክክል አንብበዋል። የተሳሳቱት የማን ዘመን እንደሆነ ነው። በመድኃኒት ላይ የሚጻፈው ቀን የፈረንጅ ቀን ነው። የፈረንጅ ስምንተኛ ወር 2021 ማለት በእኛ ነሐሴ 2013 ነው። ክኒኑ ጊዜው ካለፈ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል።

በሳምንቱ ጠዋት ቡና ሲቀዱ ስኒው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፤ ምላሳቸው ተሳሰረ። ጎረቤት ተሰበሰበና «መጋኛ ነው» አለ። አንዷ ጤና አዳም ቀጥቅጣ አመጣች። እኔም ልጅ ነበርኩ፤ የተባለውን አመንኩ። ግማሽ ቀን እንዲሁ አለፈ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን «ስንት ሰዓት ላይ ጀመራቸው?» ብሎ ነው። ስነግረው ዝም አለ።

አያቴ ተርፈዋል። ቀኝ እጃቸው ግን እስከ ዛሬ ደካማ ነው። ለጉዳቱ ዋናው ምክንያት የታዘዘላቸውን ክኒን ማቋረጣቸው መሆኑን ሐኪሙ ነግሮናል። ጊዜው ያለፈበት የጎረቤት ክኒን ደግሞ መድኃኒት የወሰዱ አስመስሎ አዘናጋቸው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። እናንተ መስኖ ታውቃላችሁ። በቦይ ውስጥ ውኃ ሲበረታ የቦዩን ዳር ይሸረሽረዋል። ሲሸረሽር ድምፅ አያሰማም፤ የምታዩት የተናደ ቀን ነው። የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ አያምም፣ አያስልም፣ አያተኩስም። የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ሲለኩ ሁለት ቁጥር ይነግሯችኋል። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ፣ ወይም ከዚያ ካለፈ፣ ግፊት አለ ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ «ደህና ነው» ሲሏችሁ ብቻ አትመለሱ። ቁጥሩን ጠይቁና ከነቀኑ በደብተራችሁ ጻፉት። የታዘዘላችሁን ክኒን ደህና ስትሆኑም ዋጡት፤ ደህና ያደረጋችሁ እሱ ነውና። በጾም ወራት የጠዋቱን ክኒን የሚተዉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ከመተው በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። ሰዓቱን የሚያመቻችበት መንገድ አለው።

የሰው አፍ በድንገት ሲጣመም፣ አንድ እጁ አልነሳ ሲል ወይም ንግግሩ ሲንተባተብ መጋኛ ነው እያላችሁ አትቆዩ። በቅሎም ሆነ ባጃጅ፣ የተገኘውን ይዛችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሰዓቱንም ያዙ፤ ሐኪሙ ይጠይቃችኋል።

ቀኑን ለማንበብ የሚከብድ ነገር የለም። በመጠቅለያው ላይ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ፈልጉ። አንደኛው በጎኑ የቆመ ባለ ሦስት ጥርስ መንሽ ይመስላል። ሁለተኛው እንደተመሳቀሉ ሁለት እንጨቶች ነው። ሦስተኛው አናቱ ወደ ቀኝ ያበጠ ዱላ ነው። ከእነዚህ ቀጥሎ ያለው ቁጥር መድኃኒቱ የሚያበቃበት ወርና ዓመት ነው። ከዓመቱ ላይ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ላለው ጊዜ 7 ቀንሱ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ላለው ደግሞ 8 ቀንሱ። ወሩም የእነሱ ወር ነው። 12 ብሎ ቢጻፍ ነሐሴ አይደለም፤ የእነሱ አሥራ ሁለተኛ ወር የሚውለው በእኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ግራ ከገባችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቋት። መጠየቅ አያሳፍርም። አያቴን የጎዳቸው አለመጠየቃቸው ነው።

ፊደሉ ደብዝዞ የሚታያችሁ ደግሞ አላችሁ። «አርጅቻለሁ፤ ትምህርት አይገባኝም» ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ ያረጀው ዓይን እንጂ አእምሮ አይደለም። ሰው ከ40 ዓመት በኋላ የቅርቡን ማየት ያስቸግረዋል፤ የማንበቢያ መነጽር ሲያደርግ ፊደሉ ተመልሶ ይጠራል። ዓይን ላይ ሞራ ከወጣም በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ለዓይን ሕክምና የታወቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አዲስ አበባ ውስጥ በየካ በኩል ነው። ከገጠር የመጡ ስንት አረጋውያን እዚያ በልጅ እጅ ተመርተው ገብተው ራሳቸውን ችለው ወጥተዋል!

ስለ ጨው ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃዋል ይላል። አንድ ልኩን የሞላ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ይህ ወጡን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን ሁሉ ይጨምራል። በየአገሩ ቡና በጨው የምትጠጡ አላችሁ። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ሲፈላ ስንት ጨው እንደሚገባ እስቲ አንድ ቀን በማንኪያ ለኩት። አያቴም ሲለኩ ደነገጡ። የምትገዙት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ እንቅርት ይከላከላል። መጠኑን ግን ቀንሱ።

ጨው ሲቀንስ ወጡ ጣዕም አጣ ተብሎ ጠብ ይነሳል። በእኛም ቤት ተነሥቶ ነበር። መላው ከጓሮ ተገኘ። ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ቃሪያ ሲበዛ ምላስ ጨውን ይረሳል።

አያቴ ደጃፋቸውን አትክልት ያደረጉት በጆንያ ነው። «እኛ መሬት እያለን በጆንያ ምን አስተከለን?» ማለታችሁ አይቀርም። ጆንያው ለመሬት እጥረት ብቻ አይደለም። ለወገብ ነው! ቁመቱ እስከ ወገብ ስለሚደርስ ሳትጎነበሱ ትኮተኩታላችሁ። ከማድቤቱ አጠገብ ስለሚቆምም ውኃ ለመሸከም ሩቅ አትሄዱም።

አሠራሩ ይህ ነው። ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ አታድርጉ፤ ሥሩን ያቃጥላል፣ ተውሳክም አለበት። ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ ቆርቆሮ በጆንያው መካከል አቁሙና ጠጠር ሙሉበት። በዙሪያው አፈሩን ጨምሩ። አፈሩ ሲደርስ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ሳቡና እንደገና ጠጠር ሙሉ። እንዲህ እያላችሁ እስከ አፉ ድረስ ትወጣላችሁ። ጠጠሩ ውኃውን እስከ ታች ያደርሰዋል። ከዚያ የጆንያውን ጎን በየስንዝሩ ቀደድ አድርጉና ችግኝ ትከሉበት። ጎመንና ቆስጣ ለጎኑ ይስማማሉ፤ ሽንኩርትና ካሮት ለላይኛው አፍ። ጎመን ስትቀጥፉ የታችኛውን ቅጠል እንጂ አናቱን አትንኩ፤ ወራት ሙሉ ይመግባችኋል። የምታጠጡት ጠዋት ወይም ማታ ይሁን።

ውኃው ንጹሕ ይሁን። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። ከራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ ወደ ደቡብ ወርዶ አቃቂ ይገባል፤ አቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ። በመንገዱ የመጸዳጃ ቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይሰበስባል። በአቃቂ ዳር በዚሁ ውኃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ተመራማሪዎች በአካባቢው አትክልት ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ ጎጂ ብረቶች አግኝተዋል። መቀቀል ተውሳክን ይገድላል፤ ብረትን ግን አያስወጣም። ለዚህ ነው አያቴ ወንዙ እግራቸው ሥር እያለ አንድ ጣሳ ሳይቀዱ የዝናብ ውኃ ከጣሪያ ያጠራቅሙ የነበረው። የፀረ ተባይ መድኃኒት ከረጫችሁም ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት በዕቃው ላይ ተጽፏል። አንብቡና ቀኑ ሳይሞላ አትቅጠፉ። ባዶውን ዕቃ ለውኃም ለዘይትም አታድርጉ።

የቀረው ገንዘብ ነው። የአያቴ ደብተር ሦስት ረድፍ አለው፤ ገባ፣ ወጣ፣ ቀረ። ከዚያ ሕመም በኋላ ወደ ኋላ ገልብጠን አየነው። ለእድር አንድም ወር አላሳለፉም። ክኒን የተገዛበት ወር ግን ቆሞ ነበር። ለመቀበሪያ እየከፈሉ ለመኖሪያው አልከፈሉም ማለት ነው። እድር ደግ ነገር ነው፤ እኔ እድርን አልነቅፍም። ግን እድር ሲሞቱ ይደርሳል። ሲታመሙ የሚደርሰው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳ ተዳርሷል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ አባሉ ሲታመም በውሉ መሠረት ይታከማል። መክፈል ለማይችል ድሃ መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር አለ። የምዝገባውን ወር ከቀበሌያችሁ ጠይቁ። እህል ስትሸጡ ገንዘቡ ለድግስ ሳይበተን ይህችን ለይታችሁ አስቀምጡ። በስልካችሁ ገንዘብ የምታንቀሳቅሱም የምስጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ፤ «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ለሚደውል እንግዳም ቢሆን።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ አካባቢ ለኮሪደር ልማት ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ የአያቴም ቤት አብሮ ሄደ። አሁን ከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ዕቃ በተጫነበት ቀን ከአልጋው አስቀድመው ያስጫኑት የአፈር ጆንያዎቹን ነበር። ሹፌሩ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ሰሞኑን ልጠይቃቸው ሄጄ ደብተሩን አየሁት። በግራ እጅ የተጻፈ፣ ያዘመመ ፊደል ነው። «ግፊት 138 በ86። ጎመን ሁለት እስር፣ አንዱ ለጎረቤት። ጨው አልተገዛም።» ከሥሩ አዲሱ ክኒን የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል፤ በፈረንጅና በእኛ፣ ጎን ለጎን። ከእኛው በታች ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።