ጎማላካ ሙጫ አይደለም

ሰው ፍሬም ሲያይ ሥዕሉን እንጂ እንጨቱን አያስተውልም፤ ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። አሠራሩ ቀላል ነው። አራት እንጨት ጫፉ በ45 ዲግሪ ተቆርጦ ይጋጠማል፤ ከሻካራ ወደ ልስልስ ብርጭቆ ወረቀት እየተቀየረ ይፈተጋል። የእንጨቱን ጎድጓዳ ክፍል በጣት ብቻ የሚፈትግ ግን ጠርዙን ያደነዝዘዋል። ወረቀቱን በጎድጓዳው ልክ በተላገ ቁራጭ እንጨት ላይ መጠቅለል ነው።

ቀሪው ቅቡ፣ ማለትም ጎማላካው ነው። ካርቱም ውስጥ፣ ሀበሻ በሚበዛበት ደይም ሰፈር ስኖር፣ «ጎማላካ እኮ ሙጫ ነው፤ ሙጫ ደግሞ እዚሁ ሞልቷል» ሲባል ስንቴ ሰማሁ! ሙጫው መሙላቱ እውነት ነው። ሱዳን ሙጫ በማምረት ከዓለም አንደኛ ናት፤ ምርጡ ሐሻብ ከሚባለው የኮርዶፋን ግራር ተለቅሞ ኤል ኦበይድ ገበያ ይወጣል። ያሳሳተው ስሙ ነው፤ በጣልያንኛ «ጎማ» ሙጫም ማለት ነው። ጎማላካ፣ ሼላክ የሚሉትም፣ ሕንድና ታይላንድ ውስጥ ደቃቅ ነፍሳት የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚያመነጩት ነገር ነው።

የሐሻብ ሙጫ የሚሟሟው በውሃ ነው፤ ጎማላካ በአልኮል። ሙጫው ለውሃ ቀለም ማያያዣነት ወደር የለውም። ፍሬም ላይ ግን በድርቅ ወራት ይሰነጣጠቃል፤ ዝናብ ሲመጣ ይጣበቃል። አንዲት ጎረቤቴ የልጇን የምረቃ ፎቶ ፍሬም ሙጫ ቀብታው ነበር። ነሐሴ ላይ አቧራው ተለጥፎበት፣ የጣቷ አሻራ ሳይቀር ታትሞበት አየሁት።

እኔ በአንድ ሊትር አልኮል 120 ግራም ያህል የጎማላካ ቅርፊት አሳድራለሁ። ጥጥ በአሮጌ ነጠላ እቋጥርና አርሼ፣ ቋጠሮውን ሳላቆም ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳልፈዋለሁ። ለአፍታ ከቆመ የቀባውን መልሶ ያነሳል። በካርቱም ሙቀት አልኮሉ ወዲያው ስለሚተን፣ ሥራው ንጋት ላይ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሳይነሳ ቢያልቅ ይመረጣል።

መስታወት የምታጸዱ ሰዎች፣ እባካችሁ ማጽጃውን ፍሬሙ ላይ አትርጩ! ብዙው አልኮል አለበት፤ የሦስት ቀን ልፋት በአንድ ጠዋት ያሟሟል። ጨርቁ ላይ ርጩና መስታወቱን ብቻ ጥረጉ፤ ለእንጨቱ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል።

ጎማላካን የሚጎዳው ይኸው ባሕርዩ ደግሞ መድኃኒቱ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ብዙዎች በመተማ በኩል ወጡ። አንዲት ዘመዴ በልብስ ጠቅልላ ያመጣችው የእናቷ ፎቶ ፍሬም አንዱ ማዕዘኑ ተፍቆ ነበር። ቨርኒሽ ቢሆን ሁሉንም ልጦ እንደገና መጀመር ይመጣ ነበር። አዲስ ጎማላካ ግን አሮጌውን አሟሙቶ አብሮት አንድ ይሆናል። ስድስት ጊዜ በስሱ አሳለፍኩበት። ዛሬ የተጎዳው ማዕዘን የቱ እንደሆነ መስኮት ሥር አስጠግቼም አልለየውም።