የሳይክል መቀመጫ፦ ለስላሳው ለምን ያሳምማል?



ባሕር ዳር ለሳይክል የተመቸች ከተማ ናት። ከካምፓስ መስጂድ፣ ከመስጂድ ገበያ ስንመላለስ ስለ መቀመጫው ማናችንም አናስብም። ጉዳዩ የሚነሳው ራቅ ያለ ጉዞ ስናስብ ነው። እስከ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 60። በዚህ ርቀት መቀመጫው ካልተስማማን መጀመሪያ ሕመም፣ ቀጥሎ መደንዘዝ ይመጣል። ሕመሙን እናወራለን፤ ስለ መደንዘዙ ግን ሐያእ ይዞን ለጓደኛም ለሐኪምም አንናገርም። ይበልጥ ሊነገር የሚገባው ግን እሱ ነው።

ብዙዎቻችን መፍትሔው ለስላሳ መቀመጫ ይመስለናል፤ ወፍራም የስፖንጅ ልባስ ገዝተን እናለብሰዋለን። ለአጭር መንገድ ደስ ይላል። ለረጅሙ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስንቀመጥ ክብደታችንን መሸከም ያለባቸው ከዳሌ አጥንታችን በታች በኩል ያሉት ሁለት ጫፎች ናቸው። ስፖንጁ ከመጠን በላይ ሲለሰልስ አጥንቶቹ ይሰምጣሉ፤ መሐሉ ደግሞ ወደ ላይ ተነስቶ በሁለቱ መካከል ያለውን ለስላሳ አካል ይጫናል። በዚያ በኩል ነርቭና የደም ሥር ያልፋሉ። የሚያደነዝዘን የእነሱ መጨቆን ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ጠንከር ያለ፣ ስፋቱ ግን ለአጥንቶቻችን የሚመጥን መቀመጫ ነው።

ልኩን ዶርም ውስጥ ማወቅ ይቻላል። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ጠንካራ በርጩማ ላይ አንጥፈን፣ እግራችንን ትንሽ ከፍ አድርገንና ወደ ፊት ጎንበስ ብለን ለአንድ ደቂቃ ያህል እንቀመጥ። ስንነሳ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ይቀራሉ። ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስንጨምርበት የመቀመጫው ስፋት ይሆናል። ቀና ብሎ የሚነዳ ከዚህም ሰፋ ያለ ያስፈልገዋል። የሴቶች ልክ በአማካይ ከወንዶች ይሰፋል፤ አንዲት እህት በወንድሟ ሳይክል ስትቸገር ጥፋቱ የልምድ ማነስ ላይሆን ይችላል። መወፈርና መቅጠን ግን ስለዚህ ልክ ብዙም አይነግሩንም።

አዲስ ከመግዛታችን በፊት ያለውን እናስተካክል፤ አንድ ቁልፍ ይበቃል። ተረከዛችንን ፔዳሉ ላይ አድርገን ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችን ቀጥ ማለት አለበት። መቀመጫው ከዚያ ከፍ ካለ ዳሌ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፤ የጭን መላላጥ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቁጥር ለሚወዱ፣ ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ግሬግ ለሞንድ ያስተዋወቀው ስሌት አለ፦ ከጉያ እስከ ወለል ያለውን የእግር ርዝመት በ0.883 ማባዛት። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል፤ ይህም ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መሐል እስከ መቀመጫው አናት ያለው ነው። የመቀመጫው አፍንጫም ወደ ላይ ካየ ይጫነናል፣ ብዙ ካዘቀዘቀ ደግሞ ወደ ፊት እያንሸራተተ ክንዳችንን ያደክማል። ከአግድም ቀጥታ መጀመር ይሻላል።

የአፍንጫው ነገር ቀላል አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በ2009 እ.ኤ.አ. እንደ ፖሊስ በሥራቸው ሳይክል ለሚነዱ ሰዎች አፍንጫ የሌለው መቀመጫ መክሯል። እኛ ዘንድ ማግኘቱ ይከብዳል፤ መሐሉ የተቦረቦረውም ለብዙዎች ጫናውን ያቀላል።

ልብስን በተመለከተ ጂንስ ለረጅም ጉዞ አይሆንም፤ ወፍራሙ ስፌት የሚያርፈው ልክ በማይፈለገው ቦታ ነው። ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ገላ ላይ፣ ያለ ሌላ የውስጥ ሱሪ ይለበሳል። ዐውራን ለመሸፈን ከላይ ሰፊ ሱሪ መደረብ ጥቅሙን አይቀንሰውም። ረጅም ቀሚስ የምትለብሱ እህቶች ጫፉን ከሰንሰለቱና ከኋላ ጎማው አርቃችሁ እሰሩት።

መንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ፔዳሉ ላይ ቆም እያልን ደም እናዘዋውር። ዙህር ላይ የምንወርድበትን ቦታ ቀድመን ብናስብ ደግሞ ዕረፍቱም አብሮ ይገኛል። ከጉዞ በኋላ ታጥቦ መድረቅ፣ የተላላጠ ቦታ ካለ እስኪድን ሳይክል አለመንዳት ያስፈልጋል። መደንዘዙ ከወረድን በኋላ ለሰዓታት ከቆየ ወይም በየጉዞው ከተመላለሰ ወደ ክሊኒክ እንሂድ፤ ወንድም ወንድ፣ እህት ሴት ባለሙያ መጠየቅ ይችላሉ።