ዘጠነኛ ክፍል የገባው የገበሬ ልጅ፦ የላይኛውን ክፍል መምራት ምን ይጠይቃል?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት ተጓዡ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ የጦሳን ብርድ ከኋላው ትቶ ወደ ቦርከና ሸለቆ ሙቀት ይገባል፤ የገብሱና የባቄላው ማሳ ለጤፍና ለማሽላ ቦታውን ይለቃል። በመስከረም ወር በዚሁ መንገድ ከላይም ከታችም ስንቃቸውን የያዙ ወጣቶች ይጓዛሉ። በየወረዳው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቢከፈቱም ዛሬም ብዙ የገጠር ተማሪ ስምንተኛ ክፍልን በቀዬው ጨርሶ ለዘጠነኛ ወደ ከተማ ይመጣል። ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ በየሳምንቱ መጨረሻም እንጀራና በሶ ከቤቱ ያመላልሳል።

ይህ ወጣት የትምህርት ቤቱን በር ሲያልፍ ባዶ እጁን አይደለም። በሬ ጠምዶ ያውቃል፤ የየትኛው ማሳ አፈር ውኃ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚታጠብ ለይቶ ያውቃል። ከዘጠነኛ እስከ 12ኛ ባሉት አራት ዓመታት ግን ይህን እውቀቱን የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ የላይኛውን ክፍል የሚመራ ሰው ሥራ የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዥ ከማውጣትና መቅረትን ከመቆጣጠር ያለፈ ነው። ወጣቱ በእጁ ይዞት የመጣውንና ፈተናው የሚጠይቀውን ማገናኘት ወይም እንደተራራቁ መተው በእርሱ ውሳኔ ላይ ይንጠለጠላል።

ይህን ጥያቄ አስቀድመው ካነሱት መካከል የዋልዶርፍ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1919 በጀርመን ሽቱትጋርት ከተማ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ በአብዛኛው የዋልዶርፍ አስቶሪያ ሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ነበሩ። ስሙም የመጣው ከፋብሪካው ነው። የፋብሪካው ባለቤት ኤሚል ሞልት ትምህርት ቤቱን እንዲያቋቁሙለት ሩዶልፍ ሽታይነርን ጠየቀ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በጎረቤት ኬንያም ናይሮቢ ምባጋቲ ላይ አንዱ ይገኛል። ሽታይነር ስለ መንፈሳዊው ዓለምና ስለ ሰው ዘሮች የጻፋቸው ሐሳቦች ብዙ ትችት አስነስተዋል፤ ትችቱም አግባብ አለው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን እምነታቸውን ሳይሆን የላይኛውን ክፍል የሚመሩበትን አሠራር ነው።

በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ልጆቹን የሚያሳድገው በተቻለ መጠን አንድ የክፍል መምህር ነው። ዘጠነኛ ሲገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሒሳቡ፣ የኬሚስትሪው፣ የታሪኩ መምህራን እያንዳንዳቸው የሙያው ባለቤት ሆነው ይመጣሉ። የ15 ዓመት ወጣት የሚያከብረው የተሾመበትን ሥልጣን ሳይሆን የያዘውን እውቀት ነው ከሚል አስተሳሰብ የተነሣ ነው። ከእነርሱ አንዱ የክፍሉ አሳዳጊ ሆኖ ይመደብና እስከ 12ኛ ድረስ አብሯቸው ይዘልቃል። በእኛ ትምህርት ቤቶችም የክፍል ኃላፊ መምህር አለ፤ ሥራው ግን ብዙውን ጊዜ ስም ከመጥራትና ካርድ ከመሙላት አያልፍም፤ በየዓመቱም ይቀያየራል።

በነባሩ የዋልዶርፍ አሠራር ርዕሰ መምህር የሚባል ሹመት አልነበረም። ትምህርት ቤቱን የሚመራው በየሳምንቱ የሚሰበሰበው የመምህራን ጉባኤ ነው። ሰብሳቢው ከመካከላቸው ለተወሰነ ጊዜ ይመረጣል፤ ጊዜው ሲያበቃ ወደ መደበኛ ማስተማሩ ይመለሳል። በጉባኤው ከሚነሡ ጉዳዮች አንዱ የአንድን ተማሪ ነገር በጥሞና መመልከት ነው። የሚያስተምሩት ሁሉ ስለዚያ ልጅ ያዩትን በየተራ ይናገራሉ። ስለ ውጤቱ ብቻ አይደለም፤ ስለ አረማመዱ፣ ስለ እጅ ጽሑፉ፣ ከማን ጋር እንደሚውል ጭምር ይወራል። አሠራሩ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ሁሉም ኃላፊ በሆነበት ቤት ውሳኔ ይጓተታል፤ የሚጠየቅ ሰውም ሊጠፋ ይችላል። ለዚህም ዛሬ ብዙዎቹ የላይኛው ክፍል አስተባባሪ ይሰይማሉ።

የዕለቱ ትምህርት የሚጀመረው አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት በሚፈጀው ዋና ትምህርት ነው። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያ ለሌላው ቦታውን ይለቃል። ተማሪው የተማረውን በራሱ ቃልና ሥዕል በደብተር አዘጋጅቶ የራሱን መጽሐፍ ይሠራል። ቀሪው ቀን ለቋንቋ፣ ለሙዚቃ፣ ለእጅ ሥራና ለጓሮ አትክልት ይውላል።

ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። መምህር አካለወልድ ባስተማሩበት ቦሩ ሥላሴም ሆነ በሌሎች አድባራት ደቀ መዝሙሩ ዜማን ከዜማ ቤት፣ ቅኔን ከቅኔ ቤት፣ ትርጓሜን ከመጻሕፍት ቤት ይማር ነበር። አንዱን ሳያደላድል ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ከፍ ያለውም ታናሹን ያስቀጽላል። ዳናና ጌታ በሚባሉት ዝነኛ የእስልምና ትምህርት ማዕከላትም ደረሳው አንዱን ኪታብ ይዞ እስኪጨርስ ከአንድ ሸህ ሥር ይቀመጣል፤ ለሌላው የእውቀት ዘርፍ ወደ ሌላ ሸህ ይሄዳል። ቀኑን በአርባ ደቂቃ ቆራርጦ ከፊዚክስ ወደ ታሪክ፣ ከታሪክ ወደ እንግሊዝኛ በደወል መዝለል በአገራችን ከመቶ ዓመት ብዙም የማይበልጥ ዕድሜ ያለው ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የቀድሞው ትምህርት በቃል መያዝን አብዝቶ እጅን ወደ ጎን ማለቱን መካድ አይገባም።

የዋልዶርፍ የላይኛው ክፍል እጅን የሚያስገባው የተግባር ሳምንታትን በመመደብ ነው። በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ከገበሬ ቤት ገብተው ከብት ይመግባሉ፣ ያጭዳሉ፣ ያርማሉ። በ10ኛ ክፍል የመሬት ቅየሳ ይከተላል። ተማሪዎቹ መሣሪያ ይዘው ሜዳ ይወጣሉ፤ ማዕዘን ለክተው ርቀት አስልተው የአካባቢውን ካርታ ራሳቸው ይሥላሉ። የሒሳብ መምህሩ የሚያስተምረው ትሪጎኖሜትሪ ዋጋው የሚታየው የመጀመሪያውና የመጨረሻው የልኬት ነጥብ ሳይገጥም የቀረ ዕለት ነው። በ11ኛ ክፍል ደግሞ በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን ቤት ሰውን የማገልገል ጊዜ ይመጣል።

እዚህ ላይ የግል ትዝታ ላንሣ። በሁለተኛ ደረጃ ታንጀንት የሚባለውን ተምሬያለሁ፤ ተፈትኜበታለሁም። በግብርና ኮሌጅ ደግሞ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች፣ ዐሥር ሜትር ገመድና በገመዱ መካከል የሚንጠለጠል ውኃ ልክ ይዤ የእርከን መስመር መቀየስን ተማርኩ። በሁለት እርከኖች መካከል የአንድ ሜትር የከፍታ ልዩነት እንዲኖር ከተፈለገ 10 በመቶ ተዳፋት ባለው ማሳ ላይ እርከኖቹ በ10 ሜትር ይራራቃሉ፤ 20 በመቶ ሲሆን በ5 ሜትር። ያ ተዳፋት የምንለው ታንጀንቱ ራሱ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በራሴ ነው። ሁለቱን ትምህርቶች የሚያገናኝ ሰው በመካከል አልነበረም። የላይኛው ክፍል መሪ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ለእንዲህ ያለው ትምህርት ደሴና ኮምቦልቻን የሚስተካከል ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው የማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ። በአገሪቱ የአፈር መከላትን በተከታታይ ለመለካት ከተቋቋሙት ጣቢያዎች የመጀመሪያው ነው። ከተራራው የሚወርደው የቦርከና ወንዝ ሁለቱንም ከተሞች አቋርጦ ለአትክልት መስኖ ይውላል። ከከተማና ከኢንዱስትሪ የሚለቀቀው ፍሳሽ በውኃው ላይ የሚያሳድረው ጉዳት ለዓመታት መነጋገሪያ ሆኖ ቆይቷል። ከላይና ከታች ውኃ ቀድቶ የሚያነጻጽር የኬሚስትሪ ክፍል ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ ከየት ያገኛል? በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲደርስ የትምህርት ተቋማት ለዝርፊያና ለውድመት መዳረጋቸው ይታወሳል። ቁሳቁሱ ባልተሟላበት ጊዜ ደጅ ያለው ቤተ ሙከራ ይበልጥ ዋጋ ያገኛል።

ሐሳቡ በአገራችን ሳይሞከር የቀረ አይደለም። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካ እርዳታ የተስፋፋው የአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥርዓት ከቀለሙ ጎን ግብርናን፣ የእንጨትና የብረት ሥራን፣ የንግድ ሥራንና የቤት አያያዝን ያስተምር ነበር። በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው የደሴው ወይዘሮ ስኂንም አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በመባል ሲታወቅ ኖሯል፤ ስሙ ዛሬ በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ላይ ይነበባል። ቀጥሎም ከ1967 ዓ.ም ጀምሮ በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአሥር ሺዎች ወደ ገጠር ወጡ። ልዩነቱን ልብ ማለት ያሻል። ዘማቹ የሄደው ገበሬውን ሊያስተምርና ሊያደራጅ ነበር፤ የዋልዶርፉ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን የሚሄደው ከገበሬው ሊማር ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሥርዓተ ትምህርት መንገዱን በከፊል ከፍቷል። የትምህርት እርከኑ ስድስት ዓመት የመጀመሪያ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል፤ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ግብርና እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ገብቷል። እንቅፋቱ ፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በስድስት የትምህርት ዓይነቶች ከ600 የሚታረም ሲሆን፣ በተፈጥሮ ሳይንስ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ስኮላስቲክ አፕቲትዩድ ናቸው። ግብርና የለበትም። የማይፈተን ትምህርት ደግሞ ፈተናው ሲቃረብ ክፍለ ጊዜው ለማካካሻ ይወሰዳል፤ ይህን መምህራንም ተማሪዎችም ያውቁታል።

ነገር ግን ቁጥሩን እንመልከት። ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ጭማሪ አለ፤ ሆኖም ከዐሥር ተፈታኝ ዘጠኙ ማለፊያውን አላገኘም። አንዳንዱ በአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ይቀጥላል፤ አንዳንዱ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይገባል። የቀረው ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ወይም ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲና ወደ ባሕሩ ማዶ የሚወስደውን አደገኛ መንገድ ያያል። ወሎ ይህን መንገድ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ለአንዱ ብቻ ተብሎ የተሰናዳ የላይኛ ክፍል ለዘጠኙ ምን ያስይዛቸዋል?

የጀርመን ዋልዶርፎች ይህን ጣጣ የሚያመልጡት ብዙዎቹ 12 ዓመቱን በራሳቸው ሥርዓት አስተምረው 13ኛውን ዓመት ለመንግሥት ፈተና ብቻ ስለሚመድቡት ነው። ለእኛ ገበሬ አንድ ተጨማሪ የኪራይና የስንቅ ዓመት ቀላል ወጪ አይደለም። በክፍያ የሚተዳደር የግል ትምህርት ቤትም ለገጠሩ ልጅ ሩቅ ነው። ስለዚህ መፍትሔው ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት መክፈት አይደለም፤ ያለውን መምራት ነው።

አንድ ምክትል ርዕሰ መምህር ሥርዓተ ትምህርቱን መለወጥ አይችልም፤ ፈተናውንም እንዲሁ። የክፍለ ጊዜ ሠንጠረዡ ግን በእጁ ነው። ሁለቱን የግብርና ክፍለ ጊዜያት አጣብቆ ሰማንያ ደቂቃ ቢያደርጋቸው ተማሪው ማሳ ደርሶ መመለስ ይችላል። የሒሳቡና የግብርናው መምህራን ተዳፋትን በአንድ ሳምንት እንዲያስተምሩ ለማስማማት በጀት አያስፈልግም፤ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ይበቃል። የክፍል ኃላፊው ከዘጠነኛ እስከ 12ኛ አብሮ እንዲዘልቅ መመደብም እንዲሁ። ያኔ ኅዳር ላይ የቀረው ልጅ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን እህል እየሰበሰበ መሆኑን፣ በበልግ አምራቹ አካባቢም የካቲትና መጋቢት የዘር ወቅት መሆኑን የሚያውቅ ሰው በትምህርት ቤቱ ይኖራል።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ካለቀ በኋላ፣ ተማሪው ለእረፍት ወደ ቤቱ በሚሄድበት ሰሞን፣ በየቀበሌው የተፋሰስ ልማት ሥራ ይጀመራል። አርሶ አደሩ አካፋና ዶማ ይዞ ተራራው ሥር ይሰበሰባል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ገመድና ውኃ ልኩን ይዘረጋል። ሁለተኛውን ዘንግ የሚይዝለት ሰው ሁልጊዜ ይፈልጋል።